ለሁለት ሰው ብቻ የሚበቃ ቦታ

አንድ የሐይቅ ዳር ከተማ ነበረች። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከውሃው ላይ ተነስቶ መንደሩ ውስጥ ስለሚገባ፣ ወደ ሥራ የሚሄዱ ሰዎች ከጉልበታቸው በታች አይታዩም፤ የሚራመዱ ሳይሆን የሚንሳፈፉ ይመስላሉ። ከሐይቁ ማዶ፣ ኮረብታው ላይ አንድ ኮሌጅ ነበር። አመሻሽ ላይ የኮሌጁ መብራቶች ሲበሩ ብርሃናቸው ውሃው ላይ ተዘርግቶ እስከዚህኛው ዳር ይደርሳል። የከተማዋ ልጆች የሚያድጉት ያንን ብርሃን እያዩ ነው። እጃቸውን ውሃው ውስጥ ነክረው ብርሃኑን ለመያዝ ይሞክራሉ፤ ጨብጠው ሲያወጡት ግን እጃቸው ላይ የሚቀረው ውሃ ብቻ ነው።

ኮሌጁ ሁሉን አይቀበልም። በሐይቁ ዙሪያ ካሉት ትምህርት ቤቶች፣ ከእያንዳንዱ በየዓመቱ ሁለት ተማሪ ብቻ ይወስዳል። ለምን ሁለት እንደሆነ የሚያስታውስ ሰው የለም፤ እንደ ዝናብና እንደ ጉም፣ ነገሩ ድሮም የነበረ ነው ተብሎ ተትቷል።

በዚህች ከተማ ትንግርት የምትባል የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ትኖር ነበር። እናቷ ሲስተር የውብዳር የጤና ጣቢያው ነርስ ናቸው። ትንግርት ትንሽ ልጅ ሳለች ከትምህርት ቤት ስትመለስ የጤና ጣቢያው በር ላይ ተቀምጣ እናቷን ትጠብቅ ነበር። እዚያ ተቀምጣ አዘውትራ የምትሰማው ቃል «መድኃኒቱ አልቋል» የሚል ነው። የታመመ ሰው ተሸክሞ የመጣ ሰው ይህን ሲሰማ ፊቱ ምን እንደሚመስል ታውቃለች። ስለዚህ ማዶ ተሻግራ ፋርማሲ ልትማር፣ መድኃኒት እንዴት እንደሚሠራ ልታውቅ ተመኘች።

ምኞቷ ደግ ነበር። ክፉው ነገር የመጣው ከስሌቱ ጋር ነው።

የመጨረሻው ዓመት ሲጀመር ትንግርት ዕድሏን መመዘን ጀመረች። ከክፍሏ ተማሪዎች መካከል ናሁሰናይ የሚባለውን ልጅ የሚስተካከለው አልነበረም። መምህራኑም ተማሪዎቹም «እሱማ ገብቷል» ነው የሚሉት፤ እሱ ራሱም በአነጋገሩ የኮሌጅ ተማሪ መምሰል ጀምሯል። ከእሱ ቀጥሎ ያሉት ትንግርትና አስካል ናቸው። አስካል የትንግርት የልጅነት ጓደኛ ናት። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጡት። አንድ ሴሚስተር ትንግርት ትበልጣለች፣ በሚቀጥለው አስካል ትበልጣለች፤ እስከዚያ ዓመት ድረስ ይህ ለሁለቱም ጨዋታ ነበር።

አንድ ቀን ትንግርት የሒሳብ መምህሯን መምህር ቢረሳውን ከክፍል ሲወጡ ተከተለቻቸው።

«መምህር፣ እንደው እውነቱን ይንገሩኝ። የመግባት ዕድሌ ምን ያህል ነው?»

መምህር ቢረሳው የጠመኔውን አቧራ ከእጃቸው እያራገፉ አሰቡ። «አንዱ ቦታ የናሁሰናይ ነው ብለን እንተወው። ለቀሪው ያላችሁት አንቺና አስካል ናችሁ። ግማሽ በግማሽ ነው» አሏት።

ትንግርት ያንን ግማሽ ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች። ከዚያች ቀን በኋላ መጽሐፍ ስትገልጥ ግማሹ ይመጣባታል፤ እራት ላይ ይመጣባታል፤ አስካል ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ በትክክል ስትመልስ በተለይ ይመጣባታል። ድሮ ጓደኛዋ ስትመልስ በክርኗ ጎሸም አድርጋት ትስቅ ነበር። አሁን ግን አብራት ብትስቅም ዓይኗን ቶሎ ወደ ደብተሯ ትመልሳለች።

የዝናቡ ወራት አልፎ ውሃው በየጉድጓዱ ሲያቁር አስካል ወባ ያዛት። መጀመሪያ ቀላል መስሎ ነበር። ከዚያ ትኩሳቱ ሄዶ እየተመለሰ፣ ሄዶ እየተመለሰ ከአልጋ አላስነሳ አላት። ዴስኩ ላይ የአስካል ቦታ ባዶ ሆነ። ትምህርቱ ግን ማንንም ሳይጠብቅ ገሰገሰ።

መምህር ቢረሳው አንድ ቀን ትንግርትን ግቢ ውስጥ ሲያገኟት ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ያቺ ልጅ እንኳን ዘንድሮ አትችልም መሰለኝ። አሁንማ ቦታው ያንቺ ነው፤ ብቻ በርቺ» አሏት።

ትንግርት በዚያች ቅጽበት ምን እንደተሰማት ያን ሰሞን ለማንም አልተናገረችም። ደስታው ከውስጧ ፈንቅሎ ወጣ። ልታስቆመው አልደረሰችም። እፍረቱ የመጣው ኋላ ነው፤ ደስታው ግን ቀድሞ ነበር።

ያን ቀን አመሻሽ ላይ ወደ ሐይቁ ወረደች። የማዶው ብርሃን ከወትሮው ይልቅ የቀረበ መሰላት። በውሃው ላይ ተራምዳ የምትደርስበት ያህል ቅርብ ነበር። ሆኖም እንደ ድሮው ልቧን አላሞቀውም። ብርሃኑ ሲንቀጠቀጥ የበሽተኛ ዓይን የሚያያት ያህል ተሰማትና ፊቷን አዞረች።

አስካልን ልትጠይቅ አልሄደችም። ለራሷ «ትንሽ ትረፍ፣ ልረብሻት አይገባም» አለች። የአስካል እናት እትዬ ብርቄ ገበያ ላይ አግኝተዋት፣ «ትንግርትዬ፣ አስካል ስላንቺ ነው የምትጠይቀኝ። ትምህርቱ የት እንደደረሰ እንኳ ትንገረኝ ትላለች» ሲሏት፣ «እመጣለሁ እትዬ፣ ነገ እመጣለሁ» አለች። ነገ አልሄደችም። ከነገ ወዲያም አልሄደች። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ቆማ ለታመሙት ስትጸልይ የአስካልን ስም ልትጠራ አፏን ከፈተች፤ ስሙ አልወጣላትም። የጎረቤታቸውን ሽማግሌ ስም ጠራች፤ የማታውቃቸውን በሽተኞች ሁሉ ጠራች፤ አስካልን ግን ዘለለቻት።

በዚያው ሳምንት ከትምህርት መልስ፣ ፀሐይዋ ገና ጠንከር ባለችበት ሰዓት፣ ሐይቁ ዳር ካለው ሾላ ሥር መጽሐፏን ታቅፋ ተቀመጠች። ሙቀቱና የውሃው ድምፅ ተባብረው እንቅልፍ ጣሉባት። በሕልሟ ሐይቁ እንደ መስታወት ረግቶ ነበር። በላዩ ላይ ተራምዳ ተሻገረች፤ እግሯ እንኳ አልረጠበም። የኮሌጁ በር ሳትነካው ተከፈተላት። በየክፍሉ መብራት በርቷል፣ ወንበሮቹ ተደርድረዋል፣ ጥቁር ሰሌዳው ታጥቧል። ሰው ግን የለም። «አቤት!» ብላ ተጣራች፤ የራሷ ድምፅ በየኮሪደሩ ዞሮ ወደ እርሷ ተመለሰ። በመጨረሻ ነጭ ጋቢ የለበሱ አንድ አዛውንት ከአንዱ ክፍል ብቅ አሉ።

«ከማን ጋር መጣሽ?» አሏት።

«ብቻዬን ነው የመጣሁት።»

«ሌሎቹስ?»

«ሌሎቹ አላለፉም።»

ሽማግሌው አዩአት። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ሐዘንም አልነበረም። «ደስ አለሽ?» ብለው ጠየቋት።

ትንግርት ልትመልስ ስትል ነቃች። ፀሐይዋ አዘቅዝቃ የሾላው ጥላ ከላይዋ ተነስቷል። ጉንጯ በላብ ይሁን በእንባ እርጥብ ነበር።

ቤት ስትገባ እናቷ ከሥራ ተመልሰው እግራቸውን ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፈው ተቀምጠው ነበር። ትንግርት በሩ ላይ እንደቆመች፣ «እማዬ፣ አስካል እንዴት ናት?» አለች።

«ትኩሳቱ ለቋታል። አቅም ነው ያጣችው» አሉ ሲስተር የውብዳር። ቀና ብለውም አዩአት። «ምነው? ሄደሽ አላየሻትም እንዴ?»

«አላየኋትም።»

ትንግርት መጥታ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች።

«እማዬ፣ ያመለጣትን ትምህርት ባስጠናት እኮ ፈተናው ላይ ትደርሳለች።»

«ልትደርስ ትችላለች።»

«ከደረሰች ደግሞ እኔ ልቀር እችላለሁ።»

«አዎ፣ ልትቀሪ ትችያለሽ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

ሲስተር የውብዳር እግራቸውን ከውሃው አወጡ። ለረጅም ጊዜ በፎጣ ሲያደርቁ ቆዩ። «ልጄ፣ እኔ እንድትገቢ ነው የምፈልገው» አሉ። «ካንቺ ይልቅ እኔ እፈልጋለሁ። ስለዚህ ይሄን ነገር እኔን አትጠይቂኝ። እኔ እናት ነኝ፤ እውነተኛ መልስ ልሰጥሽ አልችልም።»

ትንግርት ከተቀመጠችበት ተነሳች፤ መጽሐፎቿን ሰብስባ ወጣች።

አስካል በሩ አጠገብ ባለው አልጋ ላይ በሁለት ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። ፊቷ ከስቷል፤ የዓይኗ ነጭ ወደ ቢጫ ሄዷል። ትንግርትን ስታይ ፊቷ በአንዴ በራ። ትንግርት ይሄን መቋቋም አልቻለችም። ከአልጋው ጫፍ ተቀመጠችና ሌላ ነገር ከመናገሯ በፊት፣ «አስካልዬ፣ ስትታመሚ ደስ ብሎኝ ነበር» አለች።

ከውጭ የእትዬ ብርቄ ዶሮዎች ይሰማሉ።

«አውቃለሁ» አለች አስካል ቀስ ብላ። «እዚህ ተኝቼ ሳስበው ነበር። አንቺ ብትታመሚ እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ብዙ ሳይሆን ትንሽ።»

«ትንሽ?»

«እሺ፣ በጣም።»

ሁለቱም እየሳቁ አለቀሱ። እትዬ ብርቄ ሳቁን ሰምተው በበሩ አጮልቀው አዩና ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ ትንግርት በየቀኑ ከትምህርት ቤት በቀጥታ አስካል ቤት መሄድ ጀመረች። አስካል መቀመጥ ስትችል በሩ ላይ፣ መራመድ ስትችል ደግሞ ሐይቁ ዳር ወጥተው ያጠናሉ። ትንግርት ታስረዳለች፤ አስካል ትጠይቃለች። አስካል ድሮም ስትጠይቅ አትመለስም፤ ሕመሙ ደግሞ ጭራሽ ግትር አድርጓት ነበር።

አንድ ቀን ትንግርት ጀልባ ለምን እንደማይሰጥም ስታስረዳ፣ «ጀልባው ከቦታው የሚያስለቅቀው ውሃ ክብደት ከጀልባው ክብደት ጋር እኩል ሲሆን ይንሳፈፋል» አለች። ቀመሩን በደንብ ነው የምታውቀው።

«እሺ» አለች አስካል፣ ማዶ ማዶ እያየች። «ግን ውሃው የጀልባውን ክብደት እንዴት ያውቃል?»

ትንግርት ቀመሩን እንደገና ለራሷ ደገመችው። ለካ አታውቅም። ፈተና ላይ ስንት ጊዜ የመለሰችው ነገር ነው! ያንን ጥያቄ ይዛ ቤቷ ገባች፤ ውሃ ስትቀዳ አሰበችው፤ ባልዲ ውስጥ ጣሳ እያሰጠመች እጇ ላይ የሚመጣውን ግፊት አዳመጠች። በማግስቱ እየሮጠች መጣች። «አስካል! ውሃው ምንም አያውቅም! ወደ ታች በወረድሽ ቁጥር ውሃው አጥብቆ ይገፋል። ከሥር የሚገፋው ከላይ ከሚጫነው ይበልጣል፤ በቃ፣ እሱ ነው!» አስካል አጨበጨበች። ሐይቁ ከፊታቸው ተንጣሎ ተኝቷል። ዓሣ አጥማጆች ከሩቅ እንደ ጥላ ያልፋሉ። ትንግርት በዚያ ከሰዓት በኋላ ስለ ዕድሏ አንድም ጊዜ እንዳላሰበች ያስተዋለችው ወደ ቤት ስትመለስ ነበር። ስሌቱን ባቆመች ጊዜ ቀኑ ሰፍቶ ነበር፤ አየሩም እንደዚያው።

ፈተናው ደረሰ። የከተማዋ ተማሪዎች በጉሙ ውስጥ በጀልባ ተሻገሩ። አስካል በነጠላ ተጠቅልላ ትንግርት ትከሻ ላይ ተደግፋ ነበር። ማዶ ውለው በሐይቁ ላይ ሲመለሱ ማንም ብዙ አልተናገረም። ናሁሰናይ ብቻ እያንዳንዱን ጥያቄ እየመለሰ ሁሉንም አሰለቻቸው።

ውጤቱ የሚነገረው በትምህርት ቤቱ ግቢ፣ ከባንዲራ ሰልፍ በኋላ ነው። ርዕሰ መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ትንግርት የአስካልን እጅ ይዛለች።

«የመጀመሪያው አላፊ፣ ቢተው ገረመው» አሉ።

ሰልፉ ውስጥ ሹክሹክታ ተነሳ። ቢተው ማን ነው? ከኋላ የሚቀመጥ፣ ዝምተኛ፣ ከሐይቁ ታችኛው ጫፍ በእግሩ የሚመላለስ ልጅ ነው። ማንም ቆጥሮት አያውቅም። ትንግርት በነዚያ ሁሉ ወራት ዕድሏን ስትመዝን አንድም ቀን ስሙ ትዝ ብሏት አያውቅም ነበር። ቢተው ራሱ የተጠራ አልመሰለውም፤ ጎኑ ያለው ተማሪ ገፍቶ ነው ያወጣው።

«ሁለተኛዋ አላፊ፣ አስካል ደምሰው።»

እጇ ከአስካል እጅ ወጣ፤ ማን እንደለቀቀ አላወቀችም። አጨበጨበች። ከልቧ ልታጨበጭብ ሞከረች፤ ግማሹ ከልቧ ነበር። ከዚያ ሰልፉ ሲበተን ከክፍሎቹ ጀርባ ሄዳ አለቀሰች። ሳታፍር አለቀሰች። መምህር ቢረሳው እንዳሏት ቦታው የእሷ ሊሆን ይችል ነበር፤ ወደዚያች ቤት ባትሄድ ኖሮ ስሟ ሊጠራ ይችል ነበር። ይሄን አስባ ነው ያለቀሰችው።

አስካል ፈልጋ አገኘቻት። እሷም ዓይኖቿ ቀልተዋል። «እተወዋለሁ» አለች። «ለርዕሰ መምህሩ እነግራቸዋለሁ። ቀጥሎ ያለሽው አንቺ ነሽ አሉ። በታመምኩበት ሰሞን ባትመጪ ኖሮ...»

ትንግርት ለአንድ አፍታ አሰበችው። አላሰብኩም ብላ ልትዋሽ ብትል እንኳ አትችልም፤ አሰበችው። ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች። «አንቺ ቤት የመጣሁት እንድትቀሪ አይደለም» አለች። «ይልቅ ሂጂና ቦታውን ያዢልኝ።»

ከክፍሎቹ ጀርባ ወጥተው ሲመለሱ ናሁሰናይን ደረጃው ላይ ብቻውን ተቀምጦ አገኙት። ጓደኞቹ ምን እንደሚሉት ስላላወቁ ጥለውት ሄደዋል። እድሜውን ሙሉ «ገብቷል» ሲባል የኖረ ልጅ መቅረት ምን እንደሆነ የነገረው አልነበረም። ትንግርት አጠገቡ ተቀመጠች። ከፊታቸው ግቢው ባዶ እየሆነ ሄደ። በኋላ፣ «ናሁሰናይ፣ ጀልባ ለምን እንደማይሰጥም ታውቃለህ?» አለችው። ቀመሩን ነገራት። «እሺ፣ ውሃው ክብደቱን እንዴት ያውቃል?» አለችው። ናሁሰናይ ብዙ አሰበ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

ዓመቱን አብረው አጠኑ። ሌሎች የቀሩ ተማሪዎችም፣ የታችኛው ክፍል ልጆችም መጥተው ተቀላቀሏቸው፤ ሾላው ሥር ቦታ እስኪጠብ ድረስ። ትንግርት ለሁሉም የምታውቀውን ትነግራለች፤ የማታውቀውን ትጠይቃለች። ናሁሰናይ በመሃል ሐሳቡን ለውጦ ወደ ሌላ ከተማ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ሄደ፤ ሞተር መፍታትና መግጠም ሲማር እንደ ሕፃን ደስ ይለዋል እየተባለ ይወራል። በሚቀጥለው ዓመት ትንግርት ከአንዲት የሾላ ሥር ተማሪዋ ጋር አለፈች። ጀልባው ማዶ ሲደርስ አስካል ወደቡ ላይ ቆማ ትጠብቃት ነበር። ሻንጣዋን ተቀበለቻትና፣ «ዘገየሽ» አለቻት። ትንግርትም «መንገድ ላይ ሰው በዝቶብኝ ነው» አለች። እየተሳሳቁ ኮረብታውን ወጡ።

ወዳጆች፣ ትንግርት ዕድሏን ስትመዝን ሁለት ነገር ተሳስታ ነበር። አንደኛ፣ ይገባል ያለችው አልገባም፤ ጭራሽ ያልቆጠረችው ገባ። የሰው ልጅ ስሌት ሁልጊዜ አንድ ቢተውን ይረሳል። ሁለተኛውና ትልቁ ስህተት ግን፣ የራሷ ዕድል የሚጨምረው የጓደኛዋ ሲቀንስ ብቻ ነው ብላ ማመኗ ነው። እንዲህ ያለው ሚዛን ትክክል ሲሆን እንኳ የሚመዝነውን ሰው ያጎድለዋል። ደግነት ወዲያው ይከፈላል ማለታችንም አይደለም፤ ትንግርት አንድ ዓመት ከፍላበታለች፣ አልቅሳበታለችም። ግን በሰው ሕመም ከምትገባበት በር ይልቅ በሰው እጅ ተይዛ የምትገባበት በር ሰፊ መሆኑን አገኘች።

እርስዎስ? ዛሬ እርስዎ በሚጠብቁት ቦታ፣ በሥራም ይሁን በትምህርት፣ መውደቁን በልብዎ የሚመኙለት ሰው አለ? ውጤቱ እንዲህ እንደሚሆን አስቀድመው ቢያውቁ ኖሮ፣ ያን ቀን ወደ አስካል ቤት ይሄዱ ነበር?